ከወር ወር የተሻገረች ነጥብ

ፌና ሃውዚንግ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የኦስተርዋርትን ድልድይ ስታነሳና ስታወርድ ኖራ በስልሳ ስድስት ዓመቷ ጡረታ ወጣች። ወጣች ማለት እንኳ ይከብደኛል፤ አስወጧት እንጂ! አሁን ከተማ ውስጥ አንድ ሰውዬ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ በካሜራ እያየ፣ አሥራ አንድ ድልድይ በአንድ ጣቱ ያነሳል። ይመቸው። ግን ከጀልባ ላይ ሆኖ «ሞይ!» ብሎ ሰላም እያለ እጁን የሚያወዛውዝለት ሰው አለው? የለውም።

መኖሪያ ቤቷ ከድልድይ ጠባቂዋ ክፍል ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። አላገባችም። መንደሩ «ድልድዩን አግብታለች» እያለ ሲቀልድባት፣ «እሱ ቢያንስ ተነሳ ስለው ይነሳል፣ ተኛ ስለው ይተኛል፤ የናንተዎቹስ?» ብላ አፍ ታስይዛቸው ነበር። በሥራዋ ግን ቀልድ አታውቅም። የምታልፈውን ጀልባ ሁሉ በስሟ፣ በሰዓቷ፣ በጭነቷ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች። ድልድዩ ሲነሳ ደግሞ ዓይኗ ውሃው ላይ ነው፤ ወደ መንገዱ ዞር አትልም። ሕጉ ነው፤ ጀልባ እንደ ብስክሌት ፍሬን ይዞ አይቆምም።

ጡረታ በወጣች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከለመደችው ሰዓት ዝንፍ ሳትል እየተነሳች መስኮቱ ሥር ትቀመጥ ነበር። ድልድዩ ብቻውን ብድግ ይላል፤ ብቻውን ይተኛል። እሷ ታያለች። ከዚያስ? ከዚያማ ምንም የለም። ቀኑ አልገፋ ይላታል፤ ሲመሽ ደግሞ ምን እንደሠራች አታስታውስም።

ይህን መጀመሪያ የነቃችባት የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ኢልሰ ናት፤ ሠላሳ ያልሞላት፣ ፀጉሯን በአንድ ወገን የተላጨች፣ አፏ የማያርፍ ልጅ።

«ወይዘሮ ፌና፣ ይሄን መጽሐፍ በዚህ ወር ለሦስተኛ ጊዜ ነው የሚመልሱት» አለቻት።

«ጥሩ መጽሐፍ ነዋ!»

«አላነበቡትም። ምልክት ያደረጉበት ወረቀት እስካሁን አሥረኛው ገጽ ላይ ነው።»

«አንቺ ደሞ ሰላይ ነሽ እንዴ?»

«ሰላይስ አይደለሁም። ሐሙስ ጠዋት ይምጡ፤ ነጥብ ደብተር እናስጀምራለን። መዝገብ መያዝ ይወዳሉ አይደል? የራስዎን ቀን ይመዝግቡ።»

ፌና «የኔ ቀን ምን አለውና ነው የሚመዘገበው» አለች። ሐሙስ ሲደርስ ግን ማንም ሳይቀድማት ሄዳ ተቀመጠች።

ስድስት ሴቶች ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው ገጹ መስመር የሌለው፣ ፈዘዝ ባሉ ነጠብጣቦች የተሞላ ደብተር ደረሳቸው። ኢልሰ ገጾቹን ቁጥር አስጻፈቻቸው፤ መጀመሪያው ላይ ማውጫ፣ ከዚያ ዓመቱ፣ ከዚያ ወሩ፣ ከዚያ ቀኑ። ሊሠራ የታሰበ ነገር ፊት ነጥብ ይደረጋል። ሲሠራ ነጥቡ ላይ ኤክስ። ወሩ አልቆ ያልተሠራ እንደሆነ ነጥቡ ወደ ቀስት ይለወጥና ነገሩ በቀጣዩ ወር ገጽ ላይ እንደገና ይጻፋል። የማያስፈልግ ከሆነ መስመር ይሰመርበታል፤ አለቀ። ለመዝገብ ሰው ይህ ምኑ ይከብዳል? ፌና አንድ ጊዜ ሰምታ ያዘችው። ያልያዘችው ሌላውን ነው፤ ኢልሰ የራሷን ደብተር ስታሳያት ቅጠላ ቅጠሉ፣ አበባው፣ ጃንጥላ የያዘች ጥንቸል ሁሉ ገጹ ላይ ፈሷል።

«የጥንቸሏ ሥራ ምንድን ነው?»

«ለጌጥ ናት።»

«መዝገብ ላይ ጌጥ! እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ጀልባ ስመዘግብ አንድ ቀን ጀልባ ስዬ አላውቅም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ነገር ግን ለመጻፍ ስትቀርብ እጇ አልታዘዝ አላት። ንጹሕ ደብተር ያስፈራል፤ የመጀመሪያውን ገጽ የሚያበላሽ ሰው መሆን ማን ይወዳል? ብዕሩን አስቀምጣ እርሳስ አነሳች። ኢልሰ ችግሯ የገባት ይመስል፣ «መጀመሪያ ዛሬ ነገ ሲሉት የኖሩትን አንድ ነገር ይጻፉ» አለች። «አንድ ብቻ። የሚከብደው ከወጣ ሌላው ይከተላል።»

ፌና ብዙ አላሰበችም። ነጥብ አደረገችና ከጎኑ «ሩሊ ጋ መደወል» ብላ ጻፈች።

ኢልሰ ከኋላዋ ሆና አነበበችው። «ሩሊ ማን ናት?»

«እህቴ።»

«መደወል ብቻ? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም እኮ!»

«አዎ፣ አይፈጅም» አለች ፌና፤ ደብተሩንም ዘጋችው።

ሩሊ በሁለት ዓመት ትበልጣታለች። ከቦዩ ማዶ፣ በብስክሌት አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ቤልማ የምትባል መንደር ውስጥ ትኖራለች። ልጆች ሳሉ አንድ አልጋ፣ አንድ ብስክሌት ነበራቸው። ሩሊ ትነዳለች፤ ፌና ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ተቀምጣ ጉንጯን እህቷ ጀርባ ላይ ትለጥፋለች። ሩሊ ስትስቅ ሳቁ መጀመሪያ ከጀርባዋ ነው የሚነሳው፤ ፌና በጆሮዋ ሳትሰማው በጉንጯ ትሰማዋለች። ይሄው እስከ ዛሬ፣ ነፋስ በበዛበት ቀን፣ ያ ጉንጯ ሩሊን ይላታል። እንዲህ ያለ ናፍቆት ለማን ይነገራል? ለማንም አልተናገረችውም።

የተጣሉት እናታቸው የሞቱ ጊዜ ነው፤ በመጪው ሜይ ሰባት ዓመት ይሞላዋል። ቤቱን ባዶ አድርገው ማስረከብ ነበረባቸውና ሁለቱ እህትማማቾች ዕቃ ሲለዩ ሰነበቱ። በእናታቸው ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ፣ በአገራችን እንደማንም ቤት፣ የልደት ካላንደር ተሰቅሏል። ዓመተ ምሕረት የለውም፤ አንዴ ከተሰቀለ ዕድሜ ልክ ነው። የአክስቱ፣ የጎረቤቱ፣ የሙሽራው፣ የጨቅላው ስም በየልደቱ ቀን በእናታቸው እጅ ተጽፎበት፣ የሞተ ሰው ስም ጎን ትንሽ መስቀል ተደርጎበት፣ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። ፌና ሥርዓት ወዳዷ ገባች፣ አየችው፣ ከሚስማሩ አወረደችና ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ወረቀት መጣያው ውስጥ ከተተችው።

ሩሊ ከሽንት ቤት ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እዚያ የነበረው የት ሄደ?»

«ምኑ?»

«ካላንደሩ! የእማማ እጅ ጽሑፍ!»

«ጣልኩታ። ምን ያደርግልሻል፣ ግማሾቹ ሞተዋል እኮ።»

«እንግዲያው እኔንም ከሞቱት ቁጠሪኝ» አለች ሩሊ፤ ኮቷን አንስታ ወጣች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው ባልተካፈለው ርስት ይጣላል እንጂ በሽንት ቤት ወረቀት ይጣላል? ይጣላል። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለው ለነዚህ ሁለቱ ነው። ፌና «እሷ ናት የወጣችው፣ እሷ ትመለስ» አለች። ሩሊም በበኩሏ ምን እንዳለች እንጃ፤ ብቻ አልተመለሰችም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ቤት ዝም ተብሎ አይኬድም። እናትም ብትሆን ደውላ፣ ቀን ቆርጣ፣ ሰዓት ይዛ ነው የምትመጣው። ሳይጠሩ የሚሄዱበት ቀን በዓመት አንድ ነው፤ ልደት። በልደት ቀን በሩ ክፍት ነው፤ ወንበሩ ክብ ሠርቶ ይጠብቃል፤ የገባ ሁሉ ባለልደቷን ብቻ ሳይሆን እህቷንም፣ ጎረቤቷንም፣ አንድ በአንድ እየጨበጠ «እንኳን ለእህትሽ ልደት አደረሰሽ» ይላል። እንግዲህ አስቡት። የሩሊ ልደት ማርች 12 ነው። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ዴርክ የሚባል አሸዋ ጫኝ ሽማግሌ፣ ሁለቱንም ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቃቸው፣ ጀልባውን ይዞ በድልድዩ ሥር ያልፋል፤ ስለ ጠቡ ምንም አልሰማም። «ፌና! እንኳን ለሩሊ ልደት አደረሰሽ!» ብሎ ከታች ይጮኽላታል። እሷም «አብሮ ያድርሰን!» ብላ ትመልስና፣ ድልድዩን አውርዳ፣ ክፍሏ ውስጥ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ኦክቶበር አለቀ። ፌና ሌላውን ነጥብ ሁሉ ኤክስ አድርጋዋለች፤ አሸንዳው ተጠርጓል፣ የብስክሌቱ ሰንሰለት ተቀይሯል፣ ድንቹ ጓዳ ገብቷል። አንዷ ነጥብ ብቻ ቀረች። ቀስት አደረገችባትና ኖቬምበር ገጽ ላይ «ሩሊ ጋ መደወል» ብላ ጻፈች።

ኖቬምበር 9 የራሷ ልደት ነበር። እንደ ወትሮዋ ወንበሮቹን ክብ አድርጋ ደረደረች፤ እንደ ወትሮዋም ከሚመጣው ሰው አንድ ወንበር አስበልጣ። ጎረቤቶቿ መጡ፣ ቡናውን ጠጡ፣ አንዳንድ ቁራጭ ኬክ በሉ፣ ከሰናፍጭ ጋር ቋሊማ ቀመሱ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ተነጋገሩና ሄዱ። ያቺ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። እንደገና ቀስት። ዲሴምበር፣ እንደገና ቀስት።

ጃንዋሪ ላይ ኢልሰ ደብተሩን አገላበጠችና ቆጣ አለች።

«ወይዘሮ ፌና፣ ሕጉን ነግሬዎታለሁ። ሦስት ጊዜ የተሻገረ ነገር ወይ ይሠራል ወይ ይሰረዛል። ማሻገር ከቀለለዎት፣ ይሄ ነገር አያስፈልግዎትም ማለት ነው።»

«አያስፈልገኝም?»

«እንዲያ ነው የሚባለው። ይሰርዙት፣ ይገላገሉ።»

ፌና ማስመሪያዋን አወጣች፤ እሷ በእጅ አትሰርዝም። ማስመሪያውን ጽሑፉ ላይ አጋደመችና እርሳሱን አስጠጋች። «ሩሊ» የሚለው ስም ከማስመሪያው በላይ ብቅ ብሎ ይታያል። እንባዋ ግጥም አለ።

«አልችልም ልጄ» አለች። «አያስፈልገኝም አትበይኝ። ሌላ ምን አለኝና!»

ኢልሰ አጠገቧ ቁጭ አለች። ከዚያ ራሷ እርሳሱን ተቀብላ ነጥቧን ወደ ቀስት ለወጠችላት። «ፌብሩዋሪም እኮ ወር ነው» አለች ቀስ ብላ።

ፌብሩዋሪም አለፈ። ማርች ገባ፣ 12 ደረሰ፤ ሐሙስ ነበር። ፌና ማልዳ ተነስታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ላይ የዴርክ አሸዋ ጀልባ መጣች፤ በጭስ ማውጫዋ አወቀቻት። ድልድዩ ብቻውን ብድግ አለ። ሽማግሌው ወደ ጠባቂዋ ክፍል ቀና ብሎ አየ፤ አፉን ከፈተ፤ ክፍሉ ባዶ መሆኑ ገባውና መልሶ ገጠመው። ጀልባዋ አለፈች። ድልድዩ ተኛ።

ፌና ክው አለች። ዘንድሮ «እንኳን ለእህትሽ አደረሰሽ» የሚላት ሰው በዓለም ላይ የለም። ያ ያስለቅሳት የነበረው ነገር፣ ለካ እህት እንዳላት በዓመት አንዴ የሚመሰክርላት እሱ ብቻ ነበር! ወንበሩን ገፍታ ተነሳች። ዛሬ ካልሄደች በሩ ሌላ ዓመት ይዘጋል። ለስልሳ ሰባት ዓመት ሴት ሌላ ዓመት ማለት ደግሞ እንደ ዋዛ የሚሻገር ነገር አይደለም።

ከመስኮቱ ላይ አንድ ማሰሮ አበባ አነሳች፤ ደብተሯን ከተተች፤ ብስክሌቷ ላይ ወጣች። የማርች ነፋስ ፊት ለፊት ነው፤ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ገፋችው። የምትናገረውን እየደረደረች ነበር የሄደችው። ይቅርታ አድርጊልኝ ልበላት? ወይስ ዝም ብዬ ልጨብጣት? ሰው በሞላበት ክብ ውስጥ ገብቼ፣ ሁሉንም እየጨበጥኩ ስደርስባት፣ ሰው ፊት አታባርረኝም። ልቧ የተጽናናው በዚህ ነው፤ ሰው አለ ብላ።

ሰው አልነበረም። ቤልማ ደርሳ በሩን ስታንኳኳ ሩሊ ራሷ ከፈተች፤ ፀጉሯ በመጠቅለያ ተጠቅልሎ፣ በነጠላ ጫማ፣ ሽርጧ ላይ የድንች ልጣጭ። ከኋላዋ ወንበሮቹ ጠረጴዛውን ከበው እንደ አዘቦት ቀን ቆመዋል።

ሩሊ አርጅታለች። ፌና ያሰበችው ሁሉ ጠፋባት።

«ሞይ» አለች።

«ሞይ» አለች ሩሊ። ሽርጧን አራገፈችና፣ «ድግሱ እኮ እሁድ ነው» አለች። «ሐሙስ ቀን ማን ይመጣል? እሁድ ብያለሁ ለሰው ሁሉ።»

ለሰው ሁሉ! ለፌና ማን ይንገራት? ቀኑ ተዛውሮ ነበርና ክፍት ነው ብላ የመጣችበት በር ለካ ያልተከፈተ በር ነው። የእኛ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ስህተት ሲሠራ ከሞት ይቆጥረዋል።

«ይቅርታ። እንግዲያው እሁድ እመጣለሁ» አለች ፌና። አበባውን ደፉ ላይ አስቀመጠች፤ ብስክሌቷን ዞር አደረገች። ሩሊ በሩን ይዛ ቆማለች፤ ግቢም አላለችም፣ ሂጂም አላለችም። ፌና አንድ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች። ያኔ አሥራ አራት ኪሎ ሜትሩና ብርዱ መጡባት።

«ሩሊ፣» አለች ሳትዞር፣ «ሽንት ቤት መግባት አለብኝ።»

«ኧረ በይ ግቢ! ደጄ ላይ ልትሸኚ ነው?»

ገባች። በሩን ዘጋች። ተቀመጠች፤ ቀና አለች።

የእናታቸው ካላንደር ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ያው ራሱ! ያ ቡናማ ጠርዝ፣ እነዚያ ትናንሽ መስቀሎች፣ ያ ወደ ቀኝ የተጋደመ የእናታቸው ፊደል። ፌና በተቀመጠችበት ወረቀቱን ገለጠች። ኖቬምበር 9፣ «ፌና»። መስቀል የለበትም። ከስሙ ጎን ግን በእርሳስ የተሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ቆጠረቻቸው፤ ሰባት ናቸው።

ስትወጣ ሩሊ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«ጥዬው አልነበረም እንዴ?» አለች ፌና።

«በማግስቱ ጠዋት፣ አሮጌ ወረቀት የሚሰበስበው መኪና ሳይመጣ ሄጄ ከመጣያው ውስጥ አወጣሁት።»

«በማግስቱ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቺ ጋ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?!»

«ምን ብዬ? ከሞቱት ቁጠሪኝ ያልኩበት ነገር ሽንት ቤቴ ተሰቅሏል ብዬ? አፈርኩ። ከዚያ ዓመት አለፈ፤ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ባሰ።»

እዚህ ላይ እኔ ብሆን ቤቱን በጩኸት አናጋው ነበር። ሰባት ዓመት! ፌና ግን የጠየቀችው ሌላ ነው።

«ጭረቶቹስ?»

ሩሊ ሽርጧን ማፍተልተል ጀመረች። «በየልደትሽ እመጣ ነበር። ድልድዩ ድረስ። አንዳንዴ የመንገዱ አግዳሚ ወርዶ፣ ድልድዩ ተነስቶ አገኘዋለሁ፤ አንቺን በመስታወቱ አይሻለሁ። አንድ ቀን ወደኔ ዞር አላልሽም።»

«ሲነሳ ዓይን ውሃ ላይ ነው...»

«አውቃለሁ። እስኪወርድ እጠብቃለሁ። ሲወርድ እግሬ እምቢ ይለኛል። ተመልሼ አንድ ጭረት አሰምራለሁ። ባለፈው ስመጣ ክፍሉ ባዶ ነው። የሞትሽ መሰለኝ ፌና። እየሮጥኩ ተሻገርኩና ቤትሽ አጥር ሥር ደረስኩ። መጋረጃ የለሽም፤ ኬክ ይዘሽ ስትዞሪ አየሁሽ። አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ለማን እንደሆነ መጠየቅ ፈራሁ።»

«ያንቺ ነው» አለች ፌና። «በየዓመቱ ያንቺ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሩሊ ዞራ ፊቷን ግድግዳው ላይ ደፋችና አለቀሰች፤ ፌና ከኋላዋ ቀርባ ጉንጯን እህቷ ጀርባ ላይ ለጠፈችው። ያ ጀርባ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ሳቅ አልነበረም። ግን ያው ጀርባ ነው፤ አወቀችው።

ድንቹን አብረው ላጡ። ሲመሽ ፌና ደብተሯን አውጥታ፣ እፍረት ቢጤ እየተሰማት፣ ነጥቧን አሳየቻት፤ ኦክቶበር ላይ፣ ኖቬምበር ላይ፣ እስከ ማርች ድረስ። ሩሊ መነጽሯን አድርጋ ሁሉንም ቀስት በጣቷ ተከተለች። ፌና እርሳሱን አንስታ ማርች ላይ ያለችውን ነጥብ ኤክስ ልታደርግ ስትል ሩሊ እጇን ያዘቻት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ተሠራ ልል ነዋ።»

«ምን ተሠራ? ሩሊ ጋ መደወል ነው የሚለው። ደወልሽ? አልደወልሽም። ሽንት ቤቴ ነው የገባሽው። መዝገብ ላይ ውሸት ትጽፊያለሽ እንዴ፣ አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ?»

ከዚያ ሳቀች። ፌና ሳቁን በጉንጯ ለመስማት ርቃ ነበር የተቀመጠችው፤ በጆሮዋ ብቻ ሰማችው፤ ይሁን።

በማግስቱ ጠዋት ፌና መስኮቷ ሥር ተቀምጣ፣ በልቧ የያዘችውን ቁጥር ደወለች። ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሳ።

«ማን ልበል?» አለች ሩሊ።

«ፌና ነኝ።»

«ምን ፈለግሽ?»

«ምንም። ኤክስ ላድርግበት ብዬ ነው።»

«አድርጊያ!»

አደረገችው። ስልኩን ግን አንዳቸውም አልዘጉትም። ድልድዩ ብቻውን ተነሳ፣ አንዲት ጀልባ አለፈች፣ ድልድዩ ተኛ፤ ሁለቱ እህትማማቾች የሚያወሩት አጥተው ሲተነፋፈሱ ቆዩ። ሲዘጉ ፌና ገጹን ገለጠችና የቅዳሜን ቀን ጽፋ፣ ከሥሩ ነጥብ አደረገች። «ሩሊ ጋ መደወል» ብላ ጻፈችበት፤ በእርሳስ ሳይሆን በብዕር። ከዚያ ሰዓቷን አየች። ገና አራት ሰዓት እንኳ አልሆነም፤ እስከ ቅዳሜ እንዴት እንደሚገፋ እንጃ።